ለቦንሳይ ደረቅ እንጨት ሥራ የትኛውን ዕቃ እንግዛ? ፒንሳው፣ መሮው፣ ማሽኑና የድኝ ኖራው

ቦንሳይ (በሳህን ተክለው አሳጥረው የሚያሳድጉት ዛፍ) ላይ ደረቅ እንጨት ለማውጣት ገበያው የሚደረድረው ዕቃ ብዙ ነው፤ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት። አንድ ጥሩ ፒንሳ፣ ሁለት ስለታም መሮ፣ ብሩሽና አንድ ጠርሙስ የድኝ ኖራ (እንጨቱን የሚያነጣ ፈሳሽ) ያለው ሰው የጥድ ቦንሳይ ሥራውን ከአሥር ዘጠኝ እጁን ይወጣዋል። የኤሌክትሪክ መቦርቦሪያው መጨረሻ ላይ ቢገዛ ይደርሳል። አብዛኛው ጀማሪ ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። ማሽን ገዝቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ግንዱ ላይ የሚተወው ቦይ ዛፉ በሕይወት እስካለ ድረስ አብሮት ይኖራል። ስለዚህ ዕቃዎቹን የምንመዝነው መገዛት በሚገባቸው ቅደም ተከተል ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሞቹ። ጃፓኖች የደረቀውን ቅርንጫፍ ወይም የዛፉን ጫፍ ጂን፣ ግንዱ ላይ ቅርፊቱ ተነሥቶ የሚታየውን ነጭ እንጨት ሻሪ፣ ጎድጓዳውን ደግሞ ኡሮ ይሉታል። የእነሱ ጂን የሚጻፈው አምላክን በሚያመለክተው ፊደል ነው፤ ሻሪ ደግሞ የቡድሃ ቅሪተ አጽም ማለት ነው። እንጨቱ አጥንት መምሰሉን ስሙ ራሱ ይናገራል። መነሻው በገደል ላይ የሚበቅሉ የጥድ ዛፎች ናቸው፤ በረዶ የሰበራቸው፣ መብረቅና ናዳ የላጣቸው፣ ግን በአንዲት ቀጭን ልጥ ተንጠልጥለው መቶ ዓመት የኖሩ። በጃፓን ኒጋታ ግዛት የኢቶይጋዋ አካባቢ ገደሎች በዚህ ይታወቃሉ፤ ኢቶይጋዋ የተባለው ተወዳጅ የሺምፓኩ ጥድ ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ዕቃ ስንመዝን መለኪያችን ይህ ነው፦ ሥራው ሲያልቅ እንጨቱ ነፋስና በረዶ የነካው ይመስላል ወይስ መሣሪያ የነካው?

የጂን ፒንሳ ከሩቅ ሲያዩት ተራ ፒንሳ ነው። ልዩነቱ አፉ ላይ ነው። አፉ አጭርና ጠባብ፣ ጥርሱ ሻካራ ነው፤ የመንጋጋው ጀርባ ክብ ስለሆነ እንጨቱ ላይ አስደግፈው ሊያንከባልሉት ይችላሉ። ቃጫውን ነክሶ ፒንሳውን በጀርባው ወደ ታች ሲያንከባልሉት ቃጫው ሳይበጠስ እየተጠቀለለ ይነሣል። ተራ ፒንሳ ይህን ማድረግ ያቅተዋል ማለት አይደለም፤ ከመርካቶ የሚገዛ ጥርሱ ያላለቀ ፒንሳ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። የሚቸግረው ቅርንጫፎች በተጨናነቁበት ቦታ ነው፤ አፉ ስለሚሰፋ ጎረቤቱን ሕያው ቅርንጫፍ ይጨፈልቃል።

መጠኑ ከ18 እስከ 22 ሳንቲ ሜትር ያለው ለአብዛኛው ዛፍ ይበቃል። ስትገዙ አፉን ዘግታችሁ ወደ ብርሃን አንሡት። ጫፉ ገጥሞ ኋላው ትንሽ ክፍተት ካሳየ ጥሩ ነው፤ ኋላው ገጥሞ ጫፉ ከተከፈተ ግን ቀጭን ቃጫ አይዝም፣ ተዉት። መጋጠሚያውንም ወደ ጎን አወዛውዙት። ርካሾቹ ላይ ቶሎ የሚበላሸው ይህ ቦታ ነው፤ አንዴ ከላላ መንጋጋዎቹ እየተሳሳቱ ቃጫውን ከመሳብ ይልቅ ይቆርጡታል።

እንደ ማሳኩኒና ካነሺን ያሉ የጃፓን ሠሪዎች ፒንሳ ከቻይናው በብዙ እጥፍ ይወደዳል። እዚህ ላይ ፍርዳችን ግልጽ ነው፦ ፒንሳ ላይ መቆጠብ ይቻላል፣ ኮንኬቭ መቁረጫ (ቅርንጫፍ ሲቆርጥ ጎድጎድ ያለ ቁስል የሚተወው) ላይ ግን አይቻልም። ፒንሳ ስለት የለውም፤ መንጋጋው ከገጠመና መጋጠሚያው ከጠበቀ ርካሹም ያገለግላል። መቁረጫው ግን ሥራው ሁሉ ስለቱ ላይ ነው። ርካሹ ጥቂት ወር ሠርቶ ሁለቱ ስለቶች መገናኘት ያቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ ቅርፊቱን በመቁረጥ ፈንታ ይቀጠቅጠዋል፣ የተቀጠቀጠ ልጥ ደግሞ ወደ ኋላ ይደርቃል። ጥቁሩ የካርቦን ብረት ስለቱን ይዞ ይቆያል፣ ግን ይዝጋል፤ ከሥራ በኋላ ጠርጎ ዘይት መቀባት ግድ ነው። ኮንኬቭ መቁረጫ ለእርጥብ እንጨት ብቻ መሆኑም ይታወቅ። ከዓመት በፊት የደረቀ ጂን ወይም ሽቦ የቆረጠበት ሰው ስለቱ ላይ ጨረቃ የመሰለች ሽራፊ ያገኛል። ለደረቁ እንጨት ትንሽ መጋዝ ተጠቀሙ።

ፒንሳው ምን እንደሚሠራ ለማየት አንድ ጂን እናውጣ። አውራ ጣት የሚያክል፣ ለሌላ የማይፈለግ የጥድ ቅርንጫፍ እንውሰድ። ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመጋዙ ነው፤ ጀማሪው ቅርንጫፉን ከግንዱ አስጠግቶ ይቆርጠዋል። አርዝማችሁ ቁረጡት፤ ማሳጠር ሁልጊዜ ይቻላል። ከዚያ ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ ቅርፊቱን በስለታም ቢላ ዙሪያውን ክበቡት፤ ይህ ካልተደረገ ቅርፊቱ ሲሳብ የግንዱን ሕያው ልጥ ይዞት ይወርዳል። አሁን ቅርንጫፉን ከጫፍ እስከ ሥሩ በፒንሳ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ዛፉ እድገት ላይ ባለበት ወቅት ከሆነ ቅርፊቱ ጠቅ ብሎ ከእንጨቱ ይላቀቃል፣ በእጅም ይገፈፋል። ከሥሩ የሚወጣው እንጨት እንደ ተላጠ ሽንኩርት የሚያንሸራትትና ቢጫ ነው።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። ጫፉን በመቁረጫ ጥቂት ሰንጥቁት፣ ከስንጥቁ አንዱን ቃጫ በፒንሳ ያዙና ቀስ ብላችሁ ወደ ሥሩ አንከባሉት። ቃጫው የሚሄደው እናንተ በፈለጋችሁበት አይደለም፤ እንጨቱ በተጠማዘዘበት ይሄዳል። የቅርንጫፍ አንጓ ሲያገኝ ይዞርበታል፣ እየቀጠነ ሄዶ ራሱ ይበጠሳል። የሚተወው ቦይ በአንድ በኩል ጥልቅ፣ በሌላው ጥልቀት የሌለው፣ ከእንጨቱ ቃጫ ጋር አብሮ የሚጠመዘዝ ነው። ይህን መስመር በእጁ ስሎ የሚያወጣ ሰው የለም። ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን እየቀያየራችሁ ስትስቡ ጂኑ እየሾለ ይሄዳል። ፒንሳውን ከሁሉ የምናስቀድመው ለዚህ ነው፦ የተቀደደ እንጨት የራሱን ውስጥ ያሳያል፣ የተቆረጠ እንጨት ግን የቢላውን ፊት ያሳያል።

እንጨቱ እርጥብ ሳለ ጂኑን በሽቦ ማጠፍ ይቻላል፤ ሽቦው የሚፈታው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ፣ ከወራት በኋላ ነው። የቀሩትን ጸጉር መሰል ቃጫዎች በትንሽ የጋዝ ነበልባል ለብለብ አድርጎ በብሩሽ ማንሣት ጥሩ ነው፤ ሕያው ልጥ አጠገብ ከሆነ ግን በእርጥብ ጨርቅ ሳይሸፍኑ እሳት አያስጠጉም።

ለሻሪ መሮና ቢላ ያስፈልጋል። የእንጨት ቅርጽ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቦርቧሪ መሮ ለዚህ ሥራ ከተዘጋጀው ውድ የቦንሳይ ስብስብ አያንስም። ወሳኙ ስለቱ ነው። የደነዘ መሮ የልጡን ጠርዝ ስለሚያሻክር ቁስሉ ቶሎ አይጠግም። በመሣሪያ የማይታረመው ችግር ግን ሌላ ነው፦ ጥድ ላይ እያንዳንዱ ትልቅ ሥር በራሱ የውሃ መስመር የራሱን ቅርንጫፍ ይመግባል። መስመሩን አግድም የቆረጠ ሰው ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ ገደለው፤ የሚያስቸግረው ደግሞ ጥድ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ መቆየቱ ነው፣ ጥፋቱ ሲታወቅ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ መጀመሪያ የላይኛውን ሻካራ ቅርፊት ጠርጋችሁ መስመሮቹን ተመልከቱ፣ ከሥር እስከ ቅርንጫፍ በጠመኔ ተከተሏቸው፣ ሻሪው የሚሄድበትንም በጠመኔ ሥላችሁ ጥቂት ቀን ተዉት። የመጀመሪያው ሻሪ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ባይሰፋ ይመረጣል፤ በአንድ ጊዜ የግንዱን ዙሪያ ሲሶ ያህል እንኳ አትላጡ። በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ሲሰፋ ሕያው ልጡ ጠርዙ ላይ እየወፈረ ይነሣል፤ በጥሩ ጥድ ላይ የምናደንቀው ያ ደንደን ያለ ቀይ ቡናማ ጅማትና ነጭ እንጨቱ ጎን ለጎን መጠማዘዝ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። የቁስል መሸፈኛ ከተቀባ በሕያው ልጡ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው፤ እንጨቱ ላይ ከተቀባ እርጥበት ያፍናል።

አሁን ወደ ማሽኑ። በኤሌክትሪክ መሣሪያ መቦርቦርን በቦንሳይ ዓለም ያስፋፋው በ1940 በጃፓን ኦሚያ የተወለደው የቦንሳይ ባለሙያ ማሳሂኮ ኪሙራ ነው። የእሱን ሥራ አይቶ ማሽን የሚገዛ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፦ ኪሙራ ማሽኑን ያነሣው ዓመታትን በእጅ መሣሪያ ሠርቶ የእንጨቱን ጠባይ ካወቀ በኋላ ነው።

በብዛት የሚገዛው ድሬሜል 4000 የተባለ ትንሽ የእጅ ማሽን በደቂቃ ከ5,000 እስከ 35,000 ጊዜ ይዞራል፣ የሚይዘው 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጫፍ ነው። ለትናንሽ ዛፎች፣ ለስንጥቅ ውስጥ ሥራና ለማጠናቀቂያ ምቹ ነው፤ ፍጥነቱን መቀነስ መቻሉም ለጀማሪ ይጠቅማል። ወፍራም ጉቶ ላይ ግን አቅም ያጥረዋል። ሰውየው ሲጫነው ይሞቃል፣ ጫፉ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት የሚያርፈው ሕያው ልጡ ላይ ነው። ትልቅ እንጨት ማንሣት ላለበት ሰው እንደ ማኪታ ጂዲ0600 ያለ በደቂቃ 25,000 ዙር የሚሠራ፣ 6 ሚሊ ሜትር ጫፍ የሚይዝ መፍጫ ይሻላል። ክብደቱና ጉልበቱ ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ዛፉም ሳህኑም ጠረጴዛው ላይ በገመድ መታሰር አለባቸው። የዓይን መከላከያ፣ የአፍንጫ ጭምብልና የተሰበሰበ እጅጌ ምርጫ አይደሉም።

ማሽን እንጨት ላይ የሚያመጣው ጉድለት አንድ ዓይነት ነው። የሚዞረው ጫፍ ቃጫውን አያውቅም፤ በሄደበት ሁሉ እኩል ስፋት፣ እኩል ጥልቀት ያለው ክብ ቦይ ይቆፍራል። ማረሚያው በማሽን ቅርጹን ከሚፈለገው ትንሽ አወፍሮ መተውና የመጨረሻውን ሽፋን በፒንሳ መቅደድ ነው። ከዚያ እሳት፣ ብሩሽ፣ ውሃ፣ ፀሐይ፣ እንደገና ብሩሽ። አንድ ሙሉ ዓመት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ለስላሳው ክፍል ይበላና ጠንካራው ጎልቶ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ፍርድ ለጥድ ነው። ለወይራ ይገለበጣል። የወይራ ቃጫ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለሆነ በፒንሳ ሲሳብ ረጅም ሆኖ አይወጣም፤ አጭር ሆኖ ይሰበራል። እንጨቱም ብረት ነው። ስለዚህ ወይራ የሚሠራ ሰው ማሽን ቢያስቀድም አንፈርድበትም፤ በደቡብ አፍሪካ የዱር ወይራ ከዋነኞቹ የቦንሳይ ዛፎች አንዱ ነው፣ ትልልቅ ጉቶዎቹም በአብዛኛው በማሽን ይቦረቦራሉ። የእነሱ የዱር ወይራና የእኛ ደጋ ወይራ አንድ ዝርያ መሆናቸውን ልብ ይሏል። የሐበሻ ጥድም ከጃፓኑ ሺምፓኩ ጋር አንድ ወገን ነው፤ ቅርፊቱ በሰበዝ በሰበዝ የሚነሣ፣ የውስጡ ቀይ እንጨት ምስጥ የማይደፍረው። አገር ቤት ሆኖ ይህን ሥራ መማር ለሚፈልግ ሰው ዛፉ ሩቅ አይደለም ማለት ነው።

ከአሜሪካ መሣሪያ ለሚያስመጡ አንድ ማሳሰቢያ፦ በ120 ቮልት የተሠራ በሽቦ የሚሠራ መፍጫ አዲስ አበባ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ በቅጽበት ይቃጠላል፤ የጃፓኑ ደግሞ 100 ቮልት ነው። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ መኖሩን አይታችሁ ግዙ።

ከሁሉ ይልቅ በአጠቃቀም ስሕተት የሚማረሩበት ዕቃ የድኝ ኖራ ነው። ድኝና ኖራ በውሃ ተፈልተው የሚወጣ፣ ደማቅ ብርቱካናማ ቀይ ፈሳሽ ነው፤ በመጀመሪያ የፍራፍሬ ዛፍ መድኃኒት ነበር፣ አሁንም ነው። ለቦንሳይ በትንንሽ ጠርሙስ የጂን ፈሳሽ እየተባለ ይሸጣል። ሁለት ሥራ አለው፦ ሻጋታና ነፍሳትን ይከላከላል፣ እንጨቱንም ያነጣል። የማይሠራውን እንጨምር፤ የበሰበሰ እንጨት አያጠነክርም። ለዚያ የሚሆነው ቀጭን ሱፐር ግሉ ወይም የእንጨት ማጠንከሪያ ነው፣ እሱም ደረቅ እንጨት ላይ ብቻ።

አቀባቡ እንዲህ ነው። አዲስ የተላጠ እንጨት ጥቂት ሳምንት ይድረቅ። ፀሐያማ ቀን ተመርጦ እንጨቱ በውሃ ይረጥባል፤ ፈሳሹ ወደ ውስጥ የሚሰርገው እርጥበቱን ተከትሎ ነው፣ ደረቅ ላይ የተቀባ ግን ላዩ ላይ ቅርፊት ሆኖ ይረግፋል። አፈሩ በላስቲክ ይሸፈናል፣ ከሻሪው ጎን ያለው ሕያው ልጥም በውሃ ይርሳል። ከጠርሙሱ የሚፈለገው ያህል ብቻ በትንሽ ብርጭቆ ይቀዳል፤ የተረፈው ወደ ጠርሙሱ አይመለስም፣ አየር የነካው ይበላሻልና። ሲቀቡት እንጨቱ የእንቁላል አስኳል ይመስላል። ጀማሪውን የሚያስደነግጠው ይህ ነው፤ ደጋግሞ ያጥበዋል። መታጠብ የለበትም፦ ፀሐይና አየር ሲያገኘው በሰዓታት ውስጥ ይገረጣል፣ በቀናት ውስጥ ይነጣል።

ብሩሹ የናይሎን ይሁን። ከእንስሳ ጸጉር የተሠራ ብሩሽ ፈሳሹ ውስጥ ጸጉሩ እየሟሟ ዝልግልግ ይሆናል፣ ድኝ ያለበት እንዲህ ያለ ውሕድ ጸጉርን ይበላልና። የመዳብ ሽቦ በነካበት ቦታ ጥቁር ነጠብጣብ ይቀራል፤ ሽቦውን አስቀድሞ መፍታት ነው፣ የብር ቀለበትም ከጣት ይውለቅ። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ስለሆነ ሥራው ደጅ ነው። ከኮምጣጤም ሆነ ከማንኛውም አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል። ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፤ በዚሁ ምክንያት ከውጭ በሻንጣ ይዞ በአውሮፕላን መምጣት አይቻልም።

ቀለሙ ላይ የራሳችን ምርጫ አለን። በንጹሑ ብቻ የተቀባ እንጨት እንደ ኖራ ግድግዳ ድፍን ነጭ ይሆንና ጥልቀቱ ይጠፋል። ለመጀመሪያው ቅብ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ውስጥ አንድ ሁለት ጠብታ ጥቁር ቀለም ይግባ፣ ስንጥቆቹና ጉድጓዶቹ በእሱ ይቀቡ፤ ከወራት በኋላ ጎልቶ የወጣው ክፍል ብቻ በንጹሑ ይደገም። ያን ጊዜ እንጨቱ አመድማ ብርማ ይሆናል፣ ጥላውም ይመለሳል። አዲስ አበባ ላለ ሰው የሚመቹት ወራት ግንቦትና ጥቅምት ናቸው፦ አንዱ ክረምት ሳይገባ ለመከላከያ፣ ሌላው ዝናቡ ያጠበውን ለመተካት።

ዕድሜውን የሚወስነው በመጨረሻ እንጨቱ ራሱ ነው። የሽማግሌ ጥድ ቀይ ልብ (የውስጡ ጠንካራ እንጨት) ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ይቆያል። ከችግኝ ጣቢያ የተገዛ የአምስት ዓመት ጥድ ግን ገና ልብ አልሠራም፤ እንጨቱ ሁሉ ነጩና ለስላሳው ነው፣ በጥልቀት ከቦረቦሩት የሚቀረው ቶሎ የሚበሰብስ ገለባ ነው። እንዲህ ባለው ላይ አንድ ትንሽ ጂንና ቀጭን ሻሪ ይበቃል። ሌላው መበስበሻ ሻሪው ከአፈር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ እርጥበቱ ስለማይለየው የድኝ ኖራ ብቻውን አያድነውም። ሻሪውን ከአፈሩ ከፍ አድርጎ ማቆም ወይም አፈሩን የሸፈነውን ሣር መሰል የድንጋይ ሽበት (ሞስ) ከዚያ ቦታ አንሥቶ አሸዋማ ጠጠር ማድረግ ይሻላል። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ወፍራም መርፌ ወስዳችሁ እዚያ ጋ ተጫኑት። መርፌው ከቆመ እንጨቱ ደህና ነው። ሰርጎ ከገባ ለስላሳውን በመሮ እስከ ጠንካራው ድረስ ጥረጉ፣ ሁለት ሳምንት በደረቅ አየር አቆዩት፣ ከዚያ ቀጭን ሱፐር ግሉ አጠጡት፤ የድኝ ኖራው ግን ከሱፐር ግሉ በፊት መቀባት አለበት፣ አንዴ ከታሸገ በኋላ ፈሳሹ አይሰርግምና።